ጣና ላይ ያደገ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራል ሪፍ ላይ ስኖርክል ሊያደርግ ሲሄድ

ጥያቄው፦ «ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ ሽምብጥ ሰፈር ስላደኩ ዋና ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ። ታህሳስ ላይ ለስራ ጅቡቲ 10 ቀን ልሄድ ነው፣ እዛ ያሉ የስራ ጓደኞቼ ቅዳሜና እሁድ በጀልባ ሙሻ ደሴትና አርታ እየሄዱ ስኖርክል ያደርጋሉ፣ ፊታቸውን ውሃ ውስጥ ከተው በአጭር ቱቦ እየተነፈሱ የባህሩን ስር ያያሉ ማለት ነው። እኔ አይንና አፍንጫ የሚሸፍነውን የውሃ ማስክ አድርጌ አላውቅም፣ ሻርኩም ሌላውም ያስፈራኛል። እስከዛ ጣና ላይ ብለማመድ ይበቃኛል? ምን ልግዛ? እዛስ ምን ያጋጥመኛል?»

ወንድሜ ጥያቄህን ሳነበው በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔም የዚሁ ሀይቅ ልጅ ነኝ፣ የተማርኩት ስለ አሳ ነው፣ ከዛ በኋላ አራት አመት ጅቡቲ እንግዳ ይዤ ሪፍ ላይ፣ ኮራል የሚባሉ እንስሳት የሰሩት የባህር ስር አለት ላይ ማለት ነው፣ እየገባሁ ሰርቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ ታገሰኝ።

መጀመሪያ ጣና ላይ መለማመዱን ተወው። አንደኛ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉን የሚያራባው ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን ሳርና ደንገል ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ አንተ ደግሞ ለመለማመድ የምትመርጠው ቦታ እሱ ነው፣ ትሉ ቆዳህን ሰንጥቆ ለመግባት ደቂቃዎች ነው የሚፈጅበት ምንም አይሰማህም። እንደውም እዛ ውሃ ውስጥ ካደክ አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ሄደህ ሰገራህን ተመርመር፣ ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድሀኒት አለ፣ የሚዋጥ ነው፣ ቀላል ነው። ሁለተኛ አባይ ከሀይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፣ ይሄን አንተም ታውቃለህ። ሶስተኛው ለአንተ ጉዳይ ዋናው ነው፣ ምንም አታይም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀት የለውም ማለት ነው፣ ጉማራና ርብ መገጭና ግልገል አባይ ክረምት ላይ ያን ሁሉ አፈር ይዘውበት ይገባሉ፣ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ታች የተኛው ደለል መልሶ ይበጠበጣል። ማስክ አድርገህ ብትገባ የራስህን ጣት ለማየት ትታገላለህ። እዛ ስር 15 ያህል የነጭ አሳ ዝርያ አለ እኮ፣ በአለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ አንዱ አሳ ይበላል አንዱ ቅጠል አንዱ ቀንድ አውጣ፣ ግን እኛ እነሱን የምናውቃቸው መረብ ላይና ድስት ውስጥ ብቻ ነው። እሱ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ከተማው ውስጥ ፑል ያለው ሆቴል ፈልግና ከፍለህ ግባ። አራት አምስት ቀን ይበቃሃል፣ ግን ምን እንደምትለማመድ እወቅ፣ ምክንያቱም የአንተ ችግር ዋና አለመቻል አይደለም፣ የአንተ ችግር የሀይቅ ዋና መልመድህ ነው። እኛ የጣና ልጆች አንገታችንን አውጥተን ነው የምንዋኘው፣ አይናችን ዳር ላይ ነው፣ እግራችን ደግሞ ከጉልበት ጀምሮ ውሃውን ይቀጠቅጣል። ስኖርክል ሙሉ በሙሉ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፊትህ ውሃ ውስጥ ነው፣ አንገትህ ዘና ብሏል፣ እጅህ ጎንህ ላይ ነው፣ አብዛኛውን ሰአት ምንም አትሰራም ትንሳፈፋለህ ብቻ። መንሳፈፍ ደግሞ እዛ ይቀልሃል፣ ባህሩ በሊትር ከ35 ግራም በላይ ጨው ስላለው ከጣና ውሃ ይልቅ ወደ ላይ ይገፋሃል፣ መጀመሪያ ቀን ሰው ሁሉ የሚገርመው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ፑል ውስጥ ስራህ አንድ ነው፣ ፊትህን ከተህ በስኖርክሉ እየተነፈስክ አስር ደቂቃ አለመንቀሳቀስ። ቀላል ይመስላል ግን አይደለም፣ ፊቱ ውሃ ውስጥ እያለ ሰው መተንፈስ ሲጀምር ሰውነቱ አይ ይለዋል፣ ትንፋሹ አጭር አጭር ይሆናል። ረጅም ስበህ ከዛ ደግሞ ረዝሞ ረዝሞ አውጣው፣ የምታወጣው ከምትስበው ይርዘም፣ ከሶስት አራት ደቂቃ በኋላ ልብህ ይረጋጋል። ከዛ ማስኩ ውስጥ ውሃ እያስገባህ ማስወጣት ተለማመድ። ጠርዙን በጣትህ ትንሽ ከፈት አድርገህ ግማሽ ድረስ ሙላው፣ ከዛ የላይኛውን ጠርዝ ግንባርህ ላይ ተጭነህ ቀና እያልክ በአፍንጫህ እፍ በል፣ ውሃው በታች ይወጣል። ስኖርክሉንም እንደዛው፣ ውሃ ሲገባበት በአንድ ጊዜ በሀይል «ቱ!» ብለህ ተፋው። እነዚህን ሁለቱን ሀያ ሀያ ጊዜ ስራቸው። ለምን እንዲህ እንዳጠበኩብህ ቆይተህ ታየዋለህ።

እቃውን በተመለከተ ብርህን ማስኩ ላይ አውጣው፣ ሌላው ሁሉ ከጀልባው ጋር ይከራያል። የፊት ዙሪያው ለስላሳ ሲሊኮን የሆነ፣ መስታወቱ ቴምፐርድ (የተጠናከረ) የሚል የተጻፈበት። ልክህ መሆኑን የምታውቀው ማሰሪያውን ሳታስር ፊትህ ላይ አስቀምጠህ በአፍንጫህ ትንሽ ስትስብና እጅህን ስትለቀው ሳይወድቅ ከቆየ ነው። ጺምህን ካሳደግክ ከላይኛው ከንፈርህ በላይ ያለው ውሃ ያስገባልሃል፣ ወይ ላጨው ወይ ቫዝሊን ቀባው። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ ስስ ቅባት አለው፣ በጥርስ ሳሙና ሁለት ሶስት ጊዜ ከውስጥ አሽተህ እጠበው ያለበለዚያ እንፋሎት እየሸፈነው ምንም አታይም፣ ከዛ ወዲያ ሁልጊዜ ከመግባትህ በፊት ምራቅህን ውስጡን ቀብተህ ለቅለቅ ካደረከው ይበቃል። ፊት በሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ ግን አትግዛ። ምቹ ነው ይሉሃል፣ ነገር ግን ያወጣኸው ትንፋሽ ውስጡ ሊቀርና መልሰህ እሱኑ ልትስብ ትችላለህ፣ ቶሎ ለማውለቅም ያስቸግራል። እኔ ለእንግዶቼ አልፈቅድም ነበር።

ስኖርክል ለምን አጭር ሆነ ረዘም ያለ ቱቦ ለምን አይሰራም ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። ልጆች ሆነን ደንገሉ ውስጥ ሸምበቆ ቆርጠን በሱ እየተነፈስን ውሃ ስር ለመቀመጥ እንሞክር ነበር፣ አንተም ሳትሞክረው አትቀርም፣ ወደ አንድ ሜትር ስትወርድ ደረትህ አልነሳ ይልሃል። አየሩ የመጣው ከላይ በላይኛው ግፊት ነው፣ ደረትህን የሚጫነው ግን የታችኛው ውሃ ነው፣ ሳንባህ ያን ክብደት መግፋት አይችልም። በዛ ላይ ቱቦው ሲረዝም የተቃጠለው አየር ሳይወጣ እዛው ይመላለሳል። ለዚህ ነው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚቆመው። ወደ ታች ጠለቅ ብለህ ለማየት ከፈለክ ትንፋሽህን ይዘህ ነው የምትወርደው፣ ያኔ ጆሮህን አፍንጫህን ይዘህ እፍ በማለት ቶሎ ቶሎ ክፈተው፣ እና በምንም አይነት ከመውረድህ በፊት ቶሎ ቶሎ እየተነፈስክ «አየር ላጠራቅም» አትበል። ኦክስጅን አይጨምርልህም፣ የሚቀንሰው ተንፍስ ተንፍስ የሚልህን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ስለዚህ ምንም ጭንቀት ሳይሰማህ እራስህን ትስታለህ። ጎበዝ ዋናተኞች የሚሞቱት በዚህ ነው። ብቻህንም አትግባ።

እሺ አሁን ሪፉ። ኮራል ድንጋይ ይመስላል፣ ድንጋይ አይደለም፣ እንስሳ ነው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት አንድ ላይ የሰሩት ቤት ነው፣ እያንዳንዷ ፖሊፕ ስጋዋ ውስጥ አልጌ የምትባል በአይን የማትታይ እጽ መሰል ፍጥረት አስጠልላ ትኖራለች፣ አልጌዋ በጸሀይ ምግብ ትሰራላታለች እሷ ደግሞ ታስጠልላታለች። ቀለሙም በአብዛኛው ከአልጌዋ ነው። ውሃው ከለመደው የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ጨምሮ ለሳምንታት ከቆየ አልጌዋ ትወጣለች ኮራሉ ነጭ አጥንት ሆኖ ይቀራል። እኤአ በ2023 የጀመረው አራተኛው አለም አቀፍ የኮራል መንጣት ነው፣ ብዙ ቦታ አጥቅቷል። ሪፍ ከውቅያኖስ ወለል 1 ፐርሰንት እንኳን አይሞላም፣ ከባህር ፍጥረት ግን ሩብ ያህሉ የሆነ እድሜው ላይ እዛ ይጠለላል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርህ። እንግዶቹ የኔ አልነበሩም፣ ከጎናችን መልህቅ የጣለ ሌላ ጀልባ ነው ያመጣቸው፣ ምንም ሳይነግሯቸው ነው ውሃ ላይ ያወረዷቸው። አንዱ ሰውዬ ደረቱ በማይደርስ ውሃ ላይ እያለ ማስኩ ውስጥ ውሃ ገባበት፣ ደነገጠ፣ ቆመ። የቆመው ቅርንጫፍ ኮራል ላይ ነው። ውሃ ስር ስለነበርኩ ድምጹን ሰማሁት፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው፣ ቀጭ አለ፣ ከዛ ሚዛኑን ሳተና ሌላኛውን እግሩን አሳረፈ፣ እንደገና ቀጭ። የክንድ ያህል ሶስት ቅርንጫፍ ታች ወደቀ። ይሄ ዘር ፈጣን የሚባለው ነው፣ ቢፈጥን በአመት 10 ሴንቲ ሜትር ነው የሚያድገው፣ ጎኑ የነበረው እንስራ የሚያህለው ክቡ ኮራል ግን በአመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳን ላያድግ ይችላል፣ አስርት አመታት ነው የፈጀው። ውስጣቸው ተደብቀው የነበሩት ትንንሽ ሰማያዊ አሳዎች ወጥተው ከተሰበረው በላይ ዝም ብለው ይዞሩ ነበር። ሰውዬውም እግሩ ተቆርጧል፣ ኮራል የቆረጠው ቁስል ቶሎ አይድንም፣ በኋላ ሳገኘው ሁለት ሳምንት አልፎት ገና ያነክሳል። መጥፎ ሰው አልነበረም። ማስኩን ሳይቆም ማጽዳት አያውቅም ነበር፣ በቃ ይሄው ነው። ሀያ ጊዜ ተለማመድ ያልኩህ ለዚህ ነው። የሪፉም የአንተም ደህንነት ያለው ሳትቆም መቆየትህ ላይ ነው፣ ከደከመህ በጀርባህ ተገልበጥ፣ ስኖርክሉን አውጥተህ ሰማይ እያየህ ተንፍስ፣ ወይም ላይፍ ጃኬት አድርገህ ግባ፣ ምንም አያሳፍርም።

ምን ያጋጥመኛል ላልከው። ጠዋት ቀድመህ ግባ፣ ጣና ላይ ባለ ታንኳዎቹ ነፋሱ ሳይነሳ ማልደው እንደሚወጡት ማለት ነው፣ ባህሩም እንደዛው ከሰአት ይበጠበጣል። መጀመሪያ የምትሰማው ነው የሚገርምህ። ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገብህ ያለ ይመስልሃል። ዞር ብለህ ስታይ ፓሮት ፊሽ ነው፣ በቀቀን የሚመስል መንቁር ያለው አረንጓዴ ሰማያዊ አሳ፣ ኮራሉን በጥርሱ ይፍቃል፣ አልጌውን ይበላና ድንጋዩን ፈጭቶ ከኋላው እንደ ዱቄት ያወጣዋል። ነጩ የባህር ዳርቻ አሸዋ በብዛት የሱ ስራ ነው፣ ትልቁ በአመት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ያወጣል። ከዛ ክላውን ፊሽ አለ፣ አኒሞኒ የሚባለው የሚያቃጥል ጸጉራም እንስሳ ውስጥ ነው ቤቱ፣ ሁለት ነጭ መስመር ያለው ብጫ ነው፣ ትንሽ ስለሆነ ፈሪ መስሎህ ብትጠጋው እየተወረወረ ይመጣብሃል። ሁሉም ሲወለዱ ወንድ ናቸው፣ ከነሱ ትልቋ ሴቷ ናት፣ እሷ ስትሞት ዋናው ወንድ ወደ ሴትነት ይቀየራል። ሁለት ሜትር ርቀህ ዝም ብለህ ብትንሳፈፍ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይረሱሃል፣ እንቁላላቸውን ሲያራግቡ ታያለህ። እኔ ለሰው ሁሉ የምለው ይሄን ነው፣ አንድ ኮራል ምረጥና እዛው ቆይ። ብዙ ለማየት ብሎ የሚሮጥ ሰው የአሳ ጭራ ብቻ ነው የሚያየው።

ውሃ ስር ነገር ሁሉ በሲሶ ያህል ተልቆ ቀርቦም ነው የሚታይህ፣ ይሄን አትርሳ፣ ሞሬይ የሚባለው እባብ መሳይ አሳ ከጉድጓዱ አፉን ከፈት ዘጋ ሲያደርግ ሊበላኝ ነው ትላለህ፣ እየተነፈሰ ነው እንጂ አንተን አይደለም፣ እጅህን ጉድጓድ ውስጥ ካልከተትክ አይነካህም። ላየንፊሽ ላባ የለበሰ ይመስላል ያምራል፣ እሾሁ መርዝ ነው፣ አትጠጋው። ከሁሉ የምትጠነቀቀው ስቶንፊሽ ነው፣ ስሙ ድንጋይ አሳ ማለት ነው ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ ታች ተኝቶ አይነቃነቅም፣ ከአሳ ሁሉ መርዙ የሚከፋው እሱ ነው። የሚወጋው ግን የረገጠውን ነው፣ ይኸው እንደገና አለመቆም ላይ መጣን። ከተወጋህ የተወጋውን ቦታ ቆዳ በማይልጥ ሙቅ ውሃ፣ 45 ዲግሪ የማይበልጥ፣ ነክረህ እስከ ሰአት ተኩል ቆይ፣ መርዙ ሙቀት አይወድም፣ ሳትዘገይም ሀኪም ቤት ግባ። የባህር ጃርት እሾህም እንደዛው ረጋጭን ነው የሚያገኘው። ቆንጆ ሾጣጣ ቀንድ አውጣ ካየህ አታንሳው፣ ውስጡ ያለው እንስሳ በመርዝ መርፌ ይወጋል፣ ሰው ገድሏል። ባዶውንም ዛጎል የተሰበረ ኮራልም ይዘህ አትምጣ፣ ዛጎሉ የሌላ ፍጥረት ቤት ይሆናል፣ ኮራል ደግሞ ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በአለም አቀፍ ህግ የተከለከለ ነው።

አንድ ብቻ ነው በእውነት የሚያባርርህ፣ ታይታን ትሪገርፊሽ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ሆኖ ወፍራም ጥርስ ያለው። ጎጆውን ሲጠብቅ ግዛቱ ከታች ጠቦ ወደ ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ እየሰፋ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሲመጣብህ ወደ ላይ ከሸሸህ ግዛቱ ውስጥ ነህ፣ ወደ ጎን ሂድ፣ ፊንህን (እግርህ ላይ የምታጠልቀውን የጎማ መቅዘፊያ) ወደሱ አድርገህ።

ሻርክ። በአለም ሙሉ ሳይተነኮስ ሰው የሚነክሰው በአመት ከ100 በታች ነው፣ የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ 10 አይሞላም፣ አንተ በየቀኑ አባይ ድልድይ ስር የምታልፈው ጉማሬ ከሱ ብዙ ሰው ይገድላል። ሪፍ ላይ ብታይ ክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነውን ነው የምታየው፣ የሰው ቁመት ብዙም የማይበልጥ፣ ሲያይህ እሱ ነው የሚሄደው። አትከተለው፣ አትንቦጫረቅ፣ አይንህን ሳትነቅል ቀስ ብለህ ወደ ጀልባህ ተመለስ።

ግን አንተ እድለኛ ነህ፣ ታህሳስ ላይ ነው የምትሄደው፣ ከህዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ውስጥ አርታ ዳርቻ ድረስ ይመጣል። በአለም ላይ ካለ አሳ ሁሉ ትልቁ ነው፣ እዛ የሚመጡት ገና ወጣቶች ናቸው፣ ብዙዎቹ ከ3 እስከ 5 ሜትር። የሚመጡት ፕላንክተን የሚባሉትን ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ሊበሉ ነው፣ ለዚህ ነው እዛ ውሃው እንደ ሙሻ ጥርት ያለ ያልሆነው፣ አረንጓዴ ብናኝ የሞላበት ነው፣ እዛ ስገባ ሁሌም ጣና ነው ትዝ የሚለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ምንም አላየሁም ነበር፣ አረንጓዴ ብቻ፣ ከዛ አረንጓዴው ውስጥ ሰፊ አፍ ተከፍቶ ወደኔ መጣ፣ ቅርጫት ያህላል፣ ውሃውን ከነብናኙ እየዋጠ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ አይኑ ዞራ አየችኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከሆዴ ስር አለፈ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ተዘርቶበታል፣ የአንዱ ነጠብጣብ ከሌላው አይመሳሰልም፣ እንደ ጣት አሻራ ነው፣ ተመራማሪዎች በሱ ነው ማን ማን እንደሆነ የሚለዩት። አያኝክም፣ ሰው አይበላም። ቢያንስ ከሰውነቱ 3 ሜትር ከጭራው 4 ሜትር ራቅ፣ ጭራው ሳያስበው ቢመታህ ይጎዳሃል። ፊቱ አትቁም፣ አትንካው፣ ፍላሽ አታብራበት። ለመጥፋት የሚያሰጋው ዝርያ ነው። ጀልባው እያባረረ መንገዱን የሚዘጋበት ከሆነ ለባለ ጀልባው ተናገር፣ ከፋይ አንተ ነህ፣ ይሰማሃል። ሞተር ያለበት ውሃ ላይ ስለሆንክም ከቡድንህ አትለይ።

ጸሀዩ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ፣ ጀርባህና የጉልበትህ ኋላ ሰአት ሳይሞላ ይቃጠላል ውሃው ስለሚያቀዘቅዝህ አይታወቅህም። ክሬም ከመቀባት ይልቅ እጅጌው ረጅም ቲሸርትና ታይት ልበስ፣ አንዳንዱ ክሬም ውስጥ ያለው ኦክሲቤንዞን የሚባል ኬሚካል ኮራሉን ይጎዳል ተብሎ ሀዋይ ሽያጩን ከልክላለች። ውሃም ጠጣ፣ በቱቦ ሲተነፍሱ አፍ ይደርቃል።

የመጨረሻው፣ ጓደኞችህ «አንዴ በሲሊንደር እንግባ» ይሉህ ይሆናል፣ የአየር ሲሊንደር ጀርባ ላይ ተሸክሞ ጠልቆ መግባት ማለት ነው። ስኖርክል አድርገህ በዛው ቀን ብትበር ችግር የለውም። በሲሊንደር ከጠለክ ግን ናይትሮጅን ደምህ ውስጥ ይሟሟል፣ ቶሎ ወደ ከፍታ ከወጣህ አረፋ ሆኖ ይጎዳሃል፣ አንዴ ብቻ ከገባህ ቢያንስ 12 ሰአት፣ ደጋግመህ ከገባህ 18 ሰአት ሳይሞላ አውሮፕላን ላይ አትውጣ። ለኛ ደግሞ ይሄ ለመኪናም ይሰራል፣ ከጅቡቲ በመንገድ ወደ ደጋው ስትወጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው የምትደርሰው፣ ባህር ዳር እራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ሲሊንደሩን ካሰብክበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አድርገው፣ የመጨረሻውን ቀን ለስኖርክል ተወው። ማስክ ስትመርጥ ግራ ከገባህ ፎቶውን አንስተህ ላክልኝ፣ የፊትህንም በጎን በኩል ጨምርበት፣ አይቼ እነግርሃለሁ።